ቀላል የተራራ ጫማ ከድሬዳዋና ከሐረር ገበያ ሲመረጥ፦ ከሶል እስከ ክር

ከድሬዳዋ ተነስቶ ተራራ የሚወጣ ሰው በአንድ ጫማ ሁለት የማይመሳሰሉ አገሮችን ይረግጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከእሷ ወጣ ሲሉ አሸዋ፣ ስለታም የኖራ ድንጋይና የግራር እሾህ ነው። የደንገጎን ዳገት ሽቅብ አልፈው ሐረር ሲደርሱ ከፍታው 1,900 ሜትር ይጠጋል። በጉርሱም በኩል ያለው ቁንዱዶ ወደ 3,000 ሜትር ይቃረባል፤ የግራዋው ጋራ ሙለታ ደግሞ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ ብርድና ጤዛ፣ በዝናብ ጊዜም የሚያንሸራትት ጭቃ አለ። ገበያ ላይ በብዛት ዓይን የሚገባው ግን ወይ ከባድ ከስክስ ነው ወይ ስስ ሸራ ጫማ። በሁለቱ መካከል ያለው ቀላል የተራራ ጫማ ከአዲሱም ከሰልባጁም መሐል ይገኛል፤ የሚገኘው ግን ምን እንደሚፈትሽ ለሚያውቅ ገዢ ነው።

ክብደቱ ከየት ይቀነስ?

እግር ላይ የተጫነ 1 ኪሎ ጀርባ ላይ ከተጫነ 1 ኪሎ ከ4 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ጉልበት ይበላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጀርባ ላይ ያለው ሸክም ከሰውነት ጋር ዝም ብሎ ሲጓዝ፣ ጫማው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ይነሳል፣ ወደፊት ይወረወራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። አንድ ጥንድ ከስክስ 1.8 ኪሎ፣ አንድ ጥንድ ቀላል የተራራ ጫማ 800 ግራም ቢመዝኑ በመካከላቸው ያለው 1 ኪሎ ውኃ የሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ እንደ መውጣት ነው።

ሆኖም ክብደት ከየትም አይቀነስም። ከላይኛው ክፍል፣ ከአንገቱ ቁመት፣ ከገበሩ ውፍረት፣ ውኃ ከሚከላከለው ሽፋን ላይ ይቀነስ፤ ከሶሉና ተረከዝን ከሚይዘው ጠንካራ ክፍል ላይ ግን በፍጹም። ቀላል ናቸው ተብለው ከሚሸጡት ጫማዎች አብዛኞቹ የሚያሳዝኑት ይህን ገልብጠው በመሠራታቸው ነው፤ ላያቸው በወፍራም ስፖንጅና በጌጥ ተሞልቶ ሶላቸው ስስ ነው።

በ42 ቁጥር የአንዱ እግር ጫማ ክብደት በግምት እንዲህ ነው፦ ለተራራ ሩጫ የተሠራው ከ250 እስከ 350 ግራም፣ ቀላሉ የተራራ ጉዞ ጫማ ከ350 እስከ 550 ግራም፣ ከባዱ የቆዳ ቦት ወይም ከስክስ ከ700 እስከ 900 ግራም። ቁንዱዶን በአንድ ቀን ወጥቶ ለሚወርድና ከ8 ኪሎ ያነሰ ለሚሸከም ከ400 እስከ 500 ግራም ያለው ይበቃዋል። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ይዞ ጋራ ሙለታ ላይ ለሚያድር፣ ሸክሙም 12 ኪሎ ለሚያልፍ፣ እስከ 600 ግራም ድረስ መሄድና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን መምረጥ ተገቢ ነው። ረዥም አንገት ወለምታን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም፤ ዋና ጥቅሙ ጠጠርና እሾህ እንዳይገባ መከላከሉና ተረከዙን ለማጥበቅ ተጨማሪ ቦታ መስጠቱ ነው።

ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 ከድሬዳዋ ቁልቢ ገብርኤል በእግሩ የሚሄድ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ወደ 70 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ አስፋልት ስለሆነ ጥርስ ያለው ሶል አያስፈልገውም። ወፍራምና ለስላሳ ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ ይሻለዋል።

ሚዛን ከሌለዎት ጫማውን ይዘው ከፊራ ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ ብቅ ይበሉ፤ አትክልት የሚመዝኑ ነጋዴዎች ሚዛን ላይ አንዱን እግር ብቻ ያስመዝኑ።

እግርን መለካት

እግር ማታ ይለካል። ጠዋት የተለካ እግር ቀኑን ሙሉ ተሂዶበት ሲያብጥ ቁጥሩን ያልፋል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ይበልጥ ያብጣል። ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግተው መሬት ላይ ያንጥፉ፣ ለጉዞ የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ተረከዝዎን ከግድግዳው ያስነኩ፣ ሙሉ ክብደትዎን ጥለው ይቁሙ፣ ሌላ ሰው የረዥሙን ጣት ጫፍ ምልክት ያድርግልዎ። ረዥሙ ጣት ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፤ በብዙ ሰው ሁለተኛው ይበልጣል። ሁለቱንም እግር ይለኩና በትልቁ ይግዙ።

ምላሱ ላይ በተሰፋው ምልክት 26.5 ወይም 265 የሚል ቁጥር ካገኙ፣ ያ በአብዛኛው ጫማው የተሠራለት እግር ርዝመት እንጂ የጫማው ውስጥ ርዝመት አይደለም። ለተራራ እግርዎ 26.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 27 ወይም 27.5 ይፈልጉ። በአውሮፓ ቁጥር ከ42 ወደ 43 ሲያልፉ የሚጨምረው 6.7 ሚሊ ሜትር፣ በእንግሊዝ ቁጥር አንድ ሙሉ ቁጥር ሲያልፉ 8.5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህን ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ ሻጩ «አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚበልጠው» ሲል በየትኛው ቁጥር እንደሚያወራ ይገባዎታል።

ከምልክቱ ሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ሶሌታው፣ ማለትም ከጫማው ውስጥ የሚወጣው ንጣፍ ነው። አውጥተው መሬት ላይ ያኑሩት፣ ይቁሙበት። ተረከዝዎ ከኋላው ጠርዝ ጋር ሲስተካከል ከረዥሙ ጣትዎ ፊት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መትረፍ አለበት። ቁልቁለት ለሚበዛበት ጉዞ ወደ 15ቱ ያዘንብሉ። ትንሿ ጣትዎ ከሶሌታው ጠርዝ ውጭ ከተንጠለጠለች ጫማው ጠባብ ነው፤ ቁጥር መጨመር ስፋትን በጥቂቱ እንጂ በበቂ ስለማይሰጥ ሌላ ሞዴል ይፈልጉ።

ሰልባጅ ሲመረመር

ታይዋንና አሸዋ በሚባሉት የድሬዳዋ ገበያዎች፣ በሐረርም ሸዋ በር አካባቢ፣ ጥሩ የተራራ ጫማ በብዛት የሚገኘው ከሰልባጁ ነው። ትልቁ አደጋ ያለውም እዚያው ነው፤ አደጋው ደግሞ አዲስ በሚመስለው ጫማ ላይ ይብሳል።

ከታችኛው ጎማና ከላይኛው ክፍል መካከል ያለው ስፖንጅ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይሠራል፤ ከኢቪኤ ወይም ከፖሊዩሬታን። ፖሊዩሬታን ጠንካራና እግር የሚደግፍ ነው፤ ነገር ግን የአየር እርጥበት ከሙቀት ጋር ተባብሮ ውስጡን ቀስ በቀስ ይፈታዋል። በአብዛኛው ከተመረተ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ተለብሶም ሳይለበስም፣ ይፈረካከሳል። እንዲያውም በመጋዘን የተቀመጠው ከሚለበሰው ሊቀድም ይችላል፤ መታጠፍና መረገጥ ውስጡ የገባውን እርጥበት ያስወጣልና። በአውሮፓ ቤት ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ፣ በኮንቴይነር ተጭኖ በጅቡቲ ወደብ ሙቀትና እርጥበት ያለፈ ጫማ ላዩ እያበራ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጫማ የሚከዳው ተራራው ላይ ነው፤ ሶሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን ይፈትሹ። ምላሱ ውስጥ ወይም ጎኑ ላይ በተሰፋው ትንሽ ጨርቅ ላይ የምርት ወርና ዓመት አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ 03/19 ካለ መጋቢት አካባቢ በ2019 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተመረተ ነው። ቀጥሎ ጫማውን ወደ ብርሃን ወስደው ከጣቶቹ በስተኋላ ባለው መታጠፊያ ላይ አጥብቀው ያጥፉት፤ ስፖንጁ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ከታዩ ይተዉት። ስፖንጁን በአውራ ጣት ጥፍር ይጫኑት፤ ጤነኛው ተጭኖ ወዲያው ይመለሳል፣ የታመመው የጥፍሩን ምልክት ይዞ ይቀራል ወይም ዱቄት ይሰጣል። የሚያጣብቅ ከሆነም መበስበስ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን ጫማ ሻጩ «ማስቲሽ ብቻ ነው የሚፈልገው» ቢልዎ እንዳይቀበሉ፤ ማስቲሽ የሚይዘው ጤነኛ ነገር ላይ ነው፣ ከሚረግፍ ስፖንጅ ጋር ራሱም አብሮ ይነሳል።

ኢቪኤ ቀላል ነው፣ በእርጥበት አይፈርስም። የእሱ ሕመም መጨፍለቅ ነው፤ ጎኑ ላይ አግድም የተኛ ብዙ መጨማደድ ካዩ፣ በጣት ሲጫኑትም ካልተመለሰ፣ ድንጋዩን ሁሉ እግርዎ ይቆጥረዋል። ለቀላል ጫማ ግን ከሁለቱ ኢቪኤውን መምረጥ ይሻላል፤ በተለይ የምርት ዘመኑ ካልታወቀ።

ከዚያ ሌሎቹን ፈተናዎች በተከታታይ ያድርጉ። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አኑረው ከኋላ ይመልከቱት፤ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ተቀርጾበታልና ጉልበትዎን ያሳምማል። ተረከዙንና ጫፉን በሁለት እጅ ይዘው እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠምዝዙት፤ በቀላሉ ከተጠመዘዘ ውስጡ የሚያጠነክር ነገር የለውም ወይም ተሰብሯል። ሲያጥፉት መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ብቻ ነው፣ መሐል ወገቡ ላይ ከታጠፈ ይመልሱት። የተረከዙን ኋላ በአውራና በሌባ ጣት ከግራና ቀኝ ይጭመቁ፤ እንደ ካርቶን ከተደፈጠጠ ተረከዝ አይዝም። እጅዎን ወደ ውስጥ አስገብተው የተረከዙን ገበር ይዳስሱ፤ የተቀደደ ገበር እግር ይልጣል፣ ጥገናውም አይዘልቅም። የሶሉ ጥርስ ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር ይቅረው።

ስለ ጎማው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሶል ላይ የተለጠፈው ቪብራም የተባለው የታወቀ ሶል አምራች ቢጫ ምልክት በአስመሳይ ምርት ላይም ስለሚገኝ በስሙ አይተማመኑ። ንጹሕና ልሙጥ የሲሚንቶ ወለል ላይ ጥቂት ውኃ አፍስሰው ጫማውን ወደ ታች እየተጫኑ ይጎትቱት። እውነተኛ ጎማ እየተንገራገጨ ይይዛል፤ ደረቅና አብረቅራቂ ፕላስቲክ ይንሸራተታል። እንዲህ የሚንሸራተተው ጫማ በጠዋት ጤዛ ቁንዱዶ ድንጋይ ላይ መውጣት የለበትም።

የግራር እሾህም የራሱ ፈተና አለው። አንድ እጅዎን ጫማው ውስጥ ያስገቡና በሌላው እጅ አውራ ጣት ሶሉን ከታች፣ በጥርሶቹ መካከል፣ ጠንክረው ይጫኑ። ውስጥ ያለው እጅዎ ግፊቱን በደንብ ካወቀው እሾሁም መንገዱን ያገኛል። ተረከዙ ውስጥ የአየር ከረጢት ያለው የስፖርት ጫማ ለዚህ አገር አይሆንም፤ አንዴ ከተበሳ አንዱ እግር ዝቅ ብሎ ይቀራል።

ውኃ የማያስገባውን ይግዙ?

ለድሬዳዋና ለአካባቢው ቆላ፣ አይግዙ። ጎርቴክስና መሰሎቹ ውኃ የማያስገቡ ሽፋኖች ውኃ ከውጭ ሲከለክሉ ላብን የሚያስወጡት ውስጡ ከውጭው ሲሞቅና ሲረጥብ ነው፤ ውጭው ራሱ ሲግል ላቡ እዚያው ይቀራል፣ እግርም ውኃ ይቋጥራል። ከላይ በአንገቱ ውኃ ከገባም ለመድረቅ ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ጋራ ሙለታ ላይ ለሚያድር ብቻ ይጠቅማል። ለሌላው መረብ የበዛበት ወይም ስስ ካሞሽ የሆነ ጫማ ከሁለት ጥንድ ካልሲ ጋር ይበቃል። ካልሲውም ጥጥ ብቻ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቆያል፣ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።

ሲሞከር

ክሩን ሙሉ በሙሉ ያላሉ፣ እግርዎን ወደፊት ገፍተው ጣትዎ ጫፉን ሲነካ ከተረከዝዎ ኋላ አንድ ጣት ይግባ። ከዚያ ተረከዝዎን መሬት ላይ መታ መታ አድርገው ወደ ኋላ ያስቀምጡትና ከታች ወደ ላይ እያጠበቁ ይሰሩት።

አሁን ደረጃ ወይም ቁልቁለት ያስፈልጋል። ሲወጡ ተረከዝዎ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ከተነሳ ጫማው ተረከዝ አይዝም፤ ሲወርዱ ጣትዎ ጫፉን ከመታ ወይ አጭር ነው ወይ የእግርዎን ጀርባ አላጠበቀም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ክሩን መልሰው በደንብ ያጥብቁና እንደገና ይውረዱ፤ አሁንም ከመታ አጭር ነው፣ ይለውጡ። ለአምስት ደቂቃ ብቻ አድርጎ መወሰን አይበቃም፤ ሻጩን አስፈቅደው 15 ደቂቃ ያህል ይቆዩበት። «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለው ምክር ለቆዳ በስፋት በኩል ጥቂት ይሠራል፤ በርዝመት ግን የትኛውም ጫማ አይሰፋም።

ክር አስተሳሰር

ጥሩ ጫማ በመጥፎ አስተሳሰር ይበላሻል፤ መካከለኛ ጫማ ደግሞ በጥሩ አስተሳሰር ይድናል። ተረከዝ የሚነሳበት ሰው እንዲህ ይሰር፦ ክሩን የመጨረሻው ቀዳዳ እስኪቀር ድረስ እንደ ወትሮው ያስገባ። ከዚያ እያንዳንዱን ጫፍ ወደ ማዶ ሳያሻግር በዚያው ጎን ባለው የመጨረሻ ቀዳዳ ከውጭ ወደ ውስጥ አስገብቶ ትንሽ ቀለበት ይተው። የቀኙን ጫፍ በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ ቀለበት ያሳልፍ፣ ወደ ታች ስቦ ያጥብቅና ይሰር። ይህ ተረከዙን ወደ ኋላ ስቦ ይይዘዋል፤ ወደ ደንገጎ የሚወጣም የሚወርድም ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ለቁልቁለት ደግሞ የእግር ጀርባ ከቁርጭምጭሚት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ሁለቱን ክሮች አንዴ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ያጠላልፏቸው። ድርብ ጥልፍልፉ ሳይላላ ስለሚቆይ ከሱ በታች ላላ፣ ከሱ በላይ ጠበቅ አድርጎ መሥራት ይቻላል። ሽቅብ ሲሄዱ ላይኛውን በጥቂቱ ያላሉ፤ ቁልቁል ከመጀመርዎ በፊት ግን ቆመው ሁሉንም እንደገና ያጥብቁ። ጥፍር የሚጠቁረው ይህ ሲዘነጋ ነው።

ጫማ ሰፊ ዘንድ

ከጉዞ በፊት የሶሉን ዙሪያ በናይለን ክር ማሰፋት በርካሽ የሚገኝ ትልቅ ዋስትና ነው፤ የሚሠራው ግን የጎማው ጠርዝ ወደ ላይ ታጥፎ የላይኛውን ክፍል በሚያቅፍ ጫማ ላይ ነው። ወፍራም ስፖንጅ ያለውን ጫማ በስፖንጁ በኩል ማሰፋት ይቀደዋል። ውኃ የማያስገባውን ጫማ ማሰፋትም ሽፋኑን ይበሳዋል።

ጫፉ ብቻ ከተላቀቀ ማስቲሽ ይበቃል፤ ሥራውን ቆመው ይከታተሉ። የድሮው ማስቲሽ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ መውጣት አለበት። አዲሱ በሁለቱም ወገን ስስ ሆኖ ይቀባል፤ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፣ በድሬዳዋ ቀትር ከዚያም ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በጣት ጀርባ ሲነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ብቻ ተገጥሞ በኃይል ይጨመቃል ወይም በመዶሻ ይመታል። እርጥብ እያለ የተገጠመው አይዝም፤ ብዙው ጥገና የሚከሽፈው በዚህ ችኮላ ነው። ከዚያ በኋላ ለ24 ሰዓት አይለበስ።

ማላመድና መንገድ ላይ

ለመጀመሪያ ሁለት ቀን ከተማ ውስጥ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ይልበሱት። ሦስተኛው ሸክም ይዞ ሽቅብና ቁልቁል ያለበት ቦታ ይሁን። በዚህ ጊዜ የሚያቃጥል ቦታ ከተሰማዎት ያ ነው ውኃ የሚቋጥረው፤ ለዋናው ጉዞ ገና ቤት እያሉ ፕላስተር ይለጥፉበት። መንገድ ላይም ማቃጠሉ በተሰማ ጊዜ ወዲያው ቆሞ መለጠፍ ነው፤ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ፕላስተር ማስታገሻ እንጂ መከላከያ አይሆንም።

ትርፍ ክር፣ ሰፊ ፕላስተርና አንድ ሜትር ያህል ቀጭን ሽቦ ይያዙ። ሶል መንገድ ላይ ከተላቀቀ ክሩን ወይም ሽቦውን በሶሉ ጥርሶች መካከል ባለው ጎድጓዳ ቦታ አሳልፈው ከላይ ይሰሩት፤ በጥርሱ ላይ ከሄደ ድንጋይ ቶሎ ይበጥሰዋል። አንዱን እስር ከጣቶች በስተኋላ፣ ሌላውን በወገቡ በኩል ያድርጉ።

ከጉዞ ሲመለሱ ሶሌታውንና ክሩን አውጥተው ጭቃውን በብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ ያጥቡ፣ ውስጡን በጋዜጣ ሞልተው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፣ ጋዜጣውም ሲረጥብ ይቀየር። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ማስጣትና በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ማስቲሹን ያለሰልሰዋል። የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ቋጥረው አያስቀምጡት፤ የታፈነ እርጥበት ስፖንጁን ይፈታዋል። ለወራት የማይለብሱት ከሆነም በየጥቂት ሳምንቱ አውጥተው ቤት ውስጥ ጥቂት ይራመዱበት።